የተቃጠለ ዘይቱንም በረኪናውንም የት እንድፋው?

“ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል” ይባላል። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ፣ ጅቡቲ ድንበር፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። የአዲስ አበባዎቹ ወንዞች፣ ትንሹም ትልቁም አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ነው የሚወርዱት። ስለዚህ እኛ አቃቂ ዳር ያለን ሰዎች “ውሃው ይወስደዋል” ብለን የደፋነው ነገር ወይ ታች ያለው ሰውና ከብቱ ይጠጡታል፣ ወይ በወንዙ ውሃ በለማ ቆስጣ ተመልሶ ገበያ ላይ ይጠብቀናል።

ከተቃጠለ ዘይት ልጀምር፣ እኔም ያጠፋሁት እዚያ ላይ ነው። በበጋ የበራችን አቧራ አላስቀምጥ ሲለኝ ከጋራዥ አንድ ጀሪካን አምጥቼ ረጨሁበት። አቧራውስ ተኛ። ክረምት ሲገባ ግን ጎርፉ ቀስተ ደመና መስሎ እያብለጨለጨ በቦዩ ወደ ወንዝ ሲወርድ ቆሜ አየሁት፤ አፈርኩ። ዘይት ውሃ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ አየር እንዳይገባ ይከለክላል፣ ከሞተሩ የተፋቀው ብረትም አብሮት አለ። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅሙት። ውሃም ቤንዚንም አይቀላቀልበት፣ ከተቀላቀለ የሚፈልገው የለም። ከዚያ በበርሜል ለሚያጠራቅም ጋራዥ ስጡት፣ ግን መጨረሻው የት እንደሆነ ጠይቁ። መሬት ላይ ከፈሰሰ ውሃ አትልቀቁበት። ሰጋቱራ በትኑና ሲመጠው ጠርጋችሁ በፌስታል ቋጥሩት።

የመኪና ባትሪ? ሳትከፍቱ ለባትሪ ሻጩ። ቆራሌው አሲዱን ቦይ ውስጥ ደፍቶ እርሳሱን ብቻ ሊወስድ ይችላል።

በረኪና ላይ ቆጠብ በሉ። ሽንት ቤቱ ሸተተ ብሎ ሙሉ ጠርሙስ ጉድጓዱ ውስጥ መገልበጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ተሕዋስያን መግደል ነው። ከአሲድ ማጽጃ ጋር ደግሞ በጭራሽ አታገናኙት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥቡ፣ ውሃውን በባልዲ ቀድታችሁ ራቅ በሉና እጣቢውን ሣር ላይ ድፉት።

ጓሮ አትክልት የምታለሙ፣ የፀረ ተባይ መርጫችሁን ወንዝ ውስጥ አትለቅልቁ። በጥቂት ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እዚያው ማሳ ላይ መልሳችሁ ርጩት። ባዶውን ዕቃ ቀዳዱት፣ ማንም ዘይት እንዳይገዛበት። በነገራችን ላይ ቆስጣና ሰላጣ ደህና አድርጎ ማጠብ ጭቃና ጀርም ያስለቅቃል እንጂ ሥሩ ከአፈር የሳበውን ከባድ ብረት አያወጣም፤ የበላነውን በልተናል።

“እኛ በጀሪካን ስንጠነቀቅ ፋብሪካው በቱቦ ይለቀው የለ?” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ የእኔ ጀሪካን ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽና ቆዳ ከሚለፋበት ከክሮሙ ጋር አይወዳደርም። ግን ዝም ብሎ ማማረር አያዋጣም። ውሃው ቀለሙ ሲቀየር ወይም ሽታው አፍንጫ ሲሰነፍጥ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ቱቦው ከየት እንደሚመጣ ምልክት ያዙ። አንድ ቀን አይበቃም፣ ደጋግማችሁ መዝግቡ። ውሃውን ግን በእጃችሁ አትንኩ። ከዚያ አቤቱታችሁን በጽሑፍ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስገቡና የገባበትን ቀን አስፈርሙ፤ ይቺን ፊርማ ብዙ ሰው ይረሳታል። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጣችሁ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። መስኮቱ ጋ “አንተን ምን አገባህ?” የሚል ካጋጠማችሁ አንቀጽ 11ን አሳዩት፦ ማንም ሰው፣ የራሱ ጥቅም ባይነካም፣ አቤት ማለት ይችላል ይላል።