የአትክልት ትምህርት ለጀመራችሁ፦ አንድ ጀሪካን ቆስጣ

ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የአትክልትና ፍራፍሬ ትምህርት የጀመራችሁ የጎንደር ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክፍል የተማራችሁትን ቤት ውስጥ በአንድ ጀሪካን ሞክሩት። ቆስጣ ይሁን። ቶሎ ይደርሳል፣ የጎንደርን የሌሊት ብርድም ይችላል።

ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አፉን ቁረጡና ታቹን በጋለ ሚስማር ብሱት። አፈር 3 እጅ፣ ብስባሽ 2 እጅ፣ አሸዋ 1 እጅ ቀላቅሉ። ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ፍግ ከጨመራችሁ የቆየ ይሁን፣ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያቺ ሻካራ የቆስጣ ፍሬ ብዙ ጊዜ በውስጧ ከአንድ በላይ ዘር አላት። አንድ ዘርታችሁ ሁለት ሦስት ቡቃያ ቢወጣ አትደንግጡ። ጠንካራውን አስቀሩ፣ ሌላውን በመቀስ ቁረጡ። ከነቀላችሁት የቀረውንም ሥር ያናጋዋል። እኔ ተማሪ እያለሁ አሳዝኖኝ ሁሉንም ተውኳቸው፤ ሁሉም ቀጭጨው ቀሩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ውኃ ጠዋት ጠዋት ነው። ግን መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ለነገ ተዉት።

የዘራችሁበትንና የበቀለበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፉ። መምህራችሁ ስለ ዘር አበቃቀል ሲያስተምሩ በእጃችሁ የራሳችሁ ቁጥር ይኖራል። በ2 ወር ገደማ የውጭውን ቅጠል እየቆረጣችሁ ለእማዬ ስጡ። መሃሉን አትንኩት፣ እንደገና ያወጣል።