የአለቃው ብስኩት፦ ልጆችን ስለ ሙስና ስናስተምር የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ ዓለም አቀፉ የፀረ ሙስና ቀን (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 9) ሲቃረብ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክበባት ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ። ባነር ይሰቀላል፣ ግጥም ይነበባል፣ ጭውውት ይቀርባል። በማግስቱ ባነሩ ተጠቅልሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል። ይህ ጽሑፍ ክበቡን ለያዙ መምህራንና ልጆቻቸውን ማታ ማታ ለሚያስጠኑ ወላጆች ነው።

ከትርጉም መጀመር

"ሙስና ማለት የሕዝብን ሥልጣን ለግል ጥቅም ማዋል ነው" ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ። የሦስተኛ ክፍል ልጅ "ሥልጣን" ሲባል የሚታየው ቴሌቪዥን ላይ ያለ ከረባት ያሰረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሙስና እሱ ሰፈር የማይደርስ ነገር ይሆንበታል። ቃሉ ከግዕዝ እንደመጣ፣ መበስበስንና መጥፋትን እንደሚያመለክት መንገርም ለትልልቆቹ ይቆይ። ለታናናሾቹ ሦስት ቃል ይበቃል፦ ተራ፣ ድርሻ፣ አደራ። ወሎ ውስጥ ደግሞ "አማና" (አደራ ማለት ነው) ያልሰማ ልጅ የለም፤ መድረሳ የሚሄደውም ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄደውም እኩል ይገባዋል። "እትዬ ገበያ ሲሄዱ ቁልፋቸውን እኛ ጋ ጥለው ነበር፤ ከፍተን ስኳራቸውን ብንወስድስ?" ተብሎ ቢጠየቅ ትርጉሙን ልጁ ራሱ ይናገረዋል። አዋጆቹ፣ ማለትም የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007ም ሆነ ስለ ሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ የወጣው ቁጥር 668/2002፣ 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ይደርሳሉ።

የክፍል አለቃው

ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ይኸኛው ነው። መምህሩ ለስብሰባ ይወጣል፤ "አለቃ፣ የሚረብሽ ጻፍ" ብሎ ጠመኔውን ያቀብላል። አለቃው ሰሌዳው ጥግ ላይ ስም ይደረድራል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ ወንበር ግማሽ ብስኩት በእጅ በእጅ ተላልፎ ይደርሳል፤ አንድ ስም በሹራብ እጅጌ ይጠፋል። ብስኩት የሌለው ልጅ "እኔ ምን አደረግሁ?" ብሎ ሲነሣ ስሙ ጎን "በጣም" የሚል ይጨመርለታል። መምህሩ ይመለሳል፣ ዝርዝሩን ያነባል፣ ያሉትን ያንበረክካል። ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ ስለ ታማኝነት ያስተምራል!

የጉቦን ትምህርት በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨረሱት ማለት ነው፤ ሰጪ፣ ተቀባይ፣ አቀባይ፣ የሚከፍለው ያጣ ድሃና ዝርዝሩን ሳያጣራ የሚቀጣ የበላይ፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ተገኝተዋል። ምሁሩ ሮበርት ክሊትጋርድ ሙስናን በቀላል ሒሳብ አስቀምጦታል፦ ብቻውን የሚወስን ሰው፣ እንደፈለገ የመወሰን መብት ሲደመርበት፣ ተጠያቂነት ሲቀነስለት። ጠመኔ የያዘው የ11 ዓመት ልጅ ሦስቱንም አሟልቷል። ልጁን ሌባ ያደረገው ክፉ ጠባዩ ነው የሚል ካለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጠመኔውን የክፍሉ ጨዋ ለተባለችው ልጅ ይስጥና ይይ።

መፍትሔው ወጪ የለውም። አለቃ በየሳምንቱ በዕጣ ይውጣ፤ ሁለት ሆነው ይጻፉ፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይቀመጥ። መምህሩ ከመረጣቸው ጓደኛሞች ይሆኑና ብስኩቱን ይካፈላሉ፤ ዕጣ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ጠመኔ ይቅር፤ ገጹ ቁጥር ባለው ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ፣ የሚሰረዝ ካለ በአንድ መስመር ተሰርዞ ምክንያቱ ከጎኑ ይስፈር። "ረበሸ" የሚለው ቃል ክልክል ነው፤ "3፡20 ላይ ተነሥቶ ደብተር ወረወረ" ይባል። ስሙ የተጻፈ ልጅ ከመቀጣቱ በፊት አንድ ደቂቃ ይናገር። መጨረሻ ላይ፣ አለቆቹ ሲያጠፉ ማንኛውም ልጅ የሚጽፍበት አንድ ገጽ ይኑር፤ ይህ ገጽ ከሌለ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

የክፍል መዋጮ

48 ልጆች 10፣ 10 ብር አዋጡ፤ 480 ብር። ገንዘቡ አንዲት "ታማኝ" ልጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ወረቀትና ማርከር በ265 ብር ተገዛ፤ 215 መቅረት ሲገባው የተገኘው 200 ነው። መምህሩ "ማነው የወሰደ?" ብሎ ይጀምራል፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ገንዘብ ያዥ የሚሆን ይጠፋል። መጀመሪያ የሚጠየቀው "የቱ ነገር ሳይጻፍ ቀረ?" ነው። ብዙ ጊዜ የባጃጅ ወይም የፎቶ ኮፒ ሆኖ ይገኛል። ሥራው ለሦስት ይከፈል፦ አንዱ ይያዝ፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ዓርብ ዓርብ ቆጥሮ ከደብተሩ ጋር ያመሳክር፤ ቀሪው ሒሳብ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሱቅ ከሆነ ገዢዎቹ ሁለት ይሁኑና ሁለቱም ይፈርሙ። መዝገብ ንጹሑን ልጅ ከሐሜት እንደሚያድን ልጆቹ የሚገባቸው 15ቷ ብር ስትገኝ ነው።

"ቤታችሁ ጉቦ የሰጠ አለ?"

ይህን ጥያቄ ፈጽሞ አትጠይቁ። ልጅ የዋህ ነው፤ እጁን ያወጣል። አባቱ ወረቀት ለማስጨረስ "የሻይ" ብሎ የሰጠውን ይናገራል፤ ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ አባት ደግሞ እዚያው ቢሮ ይሠራል። ለእረፍት ሲወጡ ስም ወጥቶላታል። ታሪኩ የፈጠራ ይሁን፤ ስሙም ሰፈሩም የማንም አይሁን። አንድ ልጅ ከባድ ነገር ይዞ ለብቻው ከመጣ መምህሩ አድምጦ ለርእሰ መምህሩ ወይም ለሚመለከተው አካል ያድርስ፤ ልጁን መርማሪ አድርጎ "እስቲ ሂድና አጣራ" ማለት ነውርም አደጋም ነው።

ስጦታውን ሁሉ ጉቦ ማለት

እንግዳ መጥቶ ቡና ሳይጠጣ የማይወጣበት አገር ላይ "ስጦታ አትቀበሉ" ብሎ የሚያስተምር ሰው የልጁን አያት ይሰድባል፤ ልጁም ይስቅበታል። አራት ጥያቄ ይማሩ፦ መቼ ተሰጠ? በአደባባይ ነው በስውር? ተቀባዩ በሰጪው ጉዳይ ላይ የሚወስነው ነገር አለ? ባይሰጥ ጉዳዩ ይቆም ነበር? ከዚያ ሁለት ምሳሌ ስጧቸው፦ በመስከረም ለመምህራን ሁሉ በጆንያ የመጣ የበቆሎ እሸት፣ እና ውጤት ሊሰጥ ሦስት ቀን ሲቀረው አመሻሽ ላይ አንድ መምህር ቤት የገባ ዶሮ። በእሸቱ ይከራከራሉ፤ ተዉአቸው ይከራከሩ። በዶሮው የሚከራከር የለም።

ጭውውቱ

ሙሰኛውን የሚጫወተው ሁልጊዜ የክፍሉ ቀልደኛ ነው። ኮት፣ ጥቁር መነጽር፣ ትራስ የታሰረበት ሆድ፤ ጥሩ ጥሩውን ንግግር እሱ ይዞታል፣ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። በመጨረሻ ፖሊስ ይይዘዋል፤ ልጆቹ ግን ሳምንቱን ሙሉ አካሄዱን ሲያስመስሉ ይሰነብታሉ። ሙሰኛውን መድረክ ላይ አታውጡት፤ ከበሩ ኋላ ድምፁ ብቻ ይሰማ። መድረኩ ላይ ወረፋው ይቁም፦ ከሐይቅ በሌሊት የመጡ እናት፣ ተራቸውን ሦስቴ የተነጠቁ። ቀልደኛውን እናትዬዋን አጫውቱት፤ ይችላል።

አጫጭሮቹ

የወደቀ ዕቃ ላገኘ ልጅ በሰልፍ ላይ ብር ወይም ጭብጨባ መስጠት፦ በሳምንቱ የራሳቸውን እስክሪብቶ "አግኝተን" እያሉ ይመጣሉ። ሣጥንና መመዝገቢያ ደብተር ይቀመጥ፣ "አመሰግናለሁ" ይባል፣ በቃ።

ኩረጃን "መረዳዳት" ሲሉት መቆጣት፦ የሚረዳዱበት የቡድን ሥራ ስጡ፣ ውጤቱም በቡድን ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ፈተና ላይ የሚቀርብ ሰበብ አይኖርም።

"በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ"ን ለማስፈራሪያ መተረክ፦ ልጁ የሚይዘው ገመዱን ነው። ዝም ባለችው እናት ላይ ቆዩ፤ ለምን ዝም አለች?

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እያሉ ልጅ ፊት መሳቅ። ስለዚህኛው ሌላ የሚባል የለም።

ሚኒባሱ

ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ሚኒባስ ውስጥ ትርፍ ሰው ተጭኗል። የሐረጎን ዳገት ከመጀመራቸው በፊት ረዳቱ "ትራፊክ አለ፣ ጎንበስ በሉ!" ይላል። ትርፎቹ ይሸሸጋሉ፣ ተሳፋሪው ይስቃል፣ ልጅም ድብብቆሽ መስሎት ከሁሉ በላይ ይስቃል። ወላጅ እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ አንዴ አብሮ በመሳቁ፣ አንዴ ቤት ሲደርስ ስለ ሌሎች ሰዎች ስግብግብነት በመስበኩ። ስብከቱን ትቶ ወንበር ይቁጠሩ፦ "ስንት ወንበር ነበር? ስንት ሰው ተቀመጠ? ፍሬኑ በዳገቱ እምቢ ቢል ማን ይጎዳል? ትርፉን ብር ማን ወሰደው?" ልጁ መቁጠር ይወዳል፤ ራሱ ይደርስበታል። "አባዬ፣ አንተም እኮ ጎንበስ ብለሃል" ካለ መልሱ "አዎ፣ ብያለሁ" ነው። ከዚያ "ለምን?" ይመጣል፤ ለእሱ እስከ ደሴ መናኸሪያ ያለው መንገድ ይበቃል።