ቤት ስንለቅ የጓሮ መርዙን ምን እናድርገው?

ለገጣፎ ከተከራየነው ቤት ልንወጣ ሁለት ቀን ሲቀረን የዕቃ ቤቱን ጥግ አጸዳሁ። ግማሽ ጠርሙስ ማላታይን የሚባል የተባይ መርዝ፣ በላስቲክ የታሰረ ዩሪያ፣ እና በሀይላንድ ጠርሙስ ያለ ቡናማ ፈሳሽ አገኘሁ። ያስደነገጠኝ ሦስተኛው ነው። ማን እንደገዛው፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። «እዚያው ተዪው» አሉኝ። ከእኛ በኋላ የሚገባው ቤተሰብ ግን ልጅ ሊኖረው ይችላል።

ችግር፦ ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ የለም

ምክንያቱ፦ ትልቁን ለመግዛት ስለሚከብድ ከሱቅ ወይም ከጎረቤት በጥቂቱ እናስቀዳለን። ስሙ ግን አብሮ አይቀዳም።

መፍትሄው፦ አታሽትቱት። ከሌላ ጋር አትቀላቅሉት። ጓንት አድርጉና ክዳኑን አጥብቁ፤ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ አቁማችሁ ዙሪያውን ሰጋቱራ ሙሉበት። ባልዲው ላይ «መርዝ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። ከዚያ የወረዳውን የግብርና ወይም የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ጠይቁ። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሂዱ፤ መርዝ ይዞ በታክሲ መዞር ሌላ አደጋ ነው።

ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፉት። የከተማችን ቦይ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ በዚያ ውሃ የሚለማውን ጎመንና ሰላጣ መልሰን እኛው ነን የምንበላው። ማቃጠልም አይሆንም። እንዲህ ያለ መርዝ በደህና የሚቃጠለው ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚግል ልዩ ምድጃ ነው። ኢትዮጵያ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ያለፈበትን ፀረ ተባይ ፊንላንድ ድረስ ልካ ያስወገደችው ወዳ አይደለም። የጓሮ እሳት ጭሱን ወደ ጎረቤት ከመበተን ሌላ ምንም አይሠራም።

ችግር፦ ጽሑፉ አለ፣ መድኃኒቱም ደህና ነው፣ ግን ተረፈ

ይሄ ቀላል ነው። ጊዜው ካላለፈ በራሱ ጠርሙስ እንዳለ፣ አረጫጨቱን ለሚያውቅና ለሚጠቀምበት ሰው ስጡ። ማላታይኑ እንዲህ ሄደ። ዩሪያውን የጎረቤታችን ገበሬ በደስታ ወሰዱት።

ችግር፦ የነቀዝ ኪኒን ያለበት ቦታ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል

ምክንያቱ፦ እርጥበት ነክቶት ፎስፊን የሚባል ጋዝ እየለቀቀ ነው። ይህ ጋዝ ይገድላል።

መፍትሄው፦ ውሃ አታስነኩት፤ በእጃችሁም አታንሱት። ሰው ሁሉ ይውጣ፣ በሩም ተከፍቶ ይቆይ። ለእሳት አደጋ 939 ደውሉ።

ችግር፦ ቆራሌው ባዶ ጠርሙሱን ልግዛ ይላል

እባካችሁ አትሽጡለት። ነገ የምግብ ዘይት ወይም ውሃ ሊቀዳበት ይችላል። ሦስት ጊዜ በውሃ አለቅልቁት፤ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምራችሁ መድኃኒቱ ለተፈቀደለት ተክል ብቻ እርጩት። ከዚያ ጠርሙሱን በሚስማር ብሱት።

ችግር፦ ልጅ ጠጣው፣ ወይም የነካው ሰው አስታወከው፣ አላበው

ማላታይን ከውሃ ሲቀላቀል ወተት ይመስላል፤ ልጅ ቢሳሳት አይገርምም። ታዲያ በእኛ ሰፈር መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «ወተት አጠጡት» ነው። ወተት መርዙን አያረክሰውም። በግድ አታስመልሱት። ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙና እጠቡ፣ ለአምቡላንስ 907 ደውሉ። ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምንድን ነው የወሰደው?» ብሎ ነው።