አንዱን ወሬ ሦስት ጊዜ

እንግሊዝኛ የምታስጠኑት አዋቂ ሰው ግራመሩን እያወቀ ሲናገር አፉ ከተሳሰረበት፣ ይህን ሞክሩ። ከራሱ ሕይወት አንድ ነገር ያውራችሁ። ጎንደር ከሆናችሁ የጥምቀት ሰሞን ወሬ ሞልቷል፤ የእንግዳው ብዛት፣ ፋሲለደስ መዋኛ ያለው ግፊያ። መጀመሪያ በ4 ደቂቃ፣ ያንኑ በ3፣ ከዚያ በ2። መሀል ላይ አታርሙት (ከባዱ ይሄ ነው!)። ስህተቱን ወረቀት ላይ ያዙና በየዙሩ መጨረሻ ሁለቱን ብቻ ንገሩት።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ ምን እንደሚያወራ ማሰብ አይጠበቅበትም፤ ልቡ ቋንቋው ላይ ይሆናል። የሰዓቱ ማጠር ደግሞ በሆዱ ከአማርኛ እየተረጎመ እንዲናገር ጊዜ አይሰጠውም። ሌላ አድማጭ ከተገኘ በየዙሩ ቀያይሩ፣ ለአንድ ሰው ደጋግሞ ማውራት ይሰለቻል።

ገና ፊደል ለሚቆጥር ጀማሪ ግን አይሆንም። 4 ደቂቃ ሙሉ ያልበዋል።