የኪልት ሽንሽን ከታጠበ በኋላ እንዳይበላሽ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኪልት ስኮትላንዳውያን ለሠርግ፣ ለበዓልና ለሙዚቃ ሰልፍ የሚለብሱት፣ ከፊቱ ዝርግ ከኋላው ሽንሽን የሆነ የሱፍ ልብስ ነው። መደበኛው ኪልት 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ ጨርቅ ይወስዳል፤ ይህ ሁሉ ጨርቅ ከ20 በሚበልጡ ሽንሽኖች እየታጠፈ ከወገብ እስከ ዳሌ ይሰፋል። ከዳሌ በታች ያለውን ግን የሚይዘው ስፌት የለም፤ ቅርጹን የሰጠው ካውያ ብቻ በመሆኑ ውሃ ሲነካው መጀመሪያ የሚፈታው ይኸው ክፍል ነው። ብዙ ሰው ካጠበ በኋላ ካውያ ይዞ ይታገላል፤ ሥራው ግን መጀመር የነበረበት ኪልቱ ገና ደረቅ ሳለ፣ በመርፌና በክር ነበር።

ከሁሉ የከፋው ስህተትም ሽንሽኑን በጊዜያዊ ስፌት ሳያስሩ ውሃ ውስጥ መክተት ነው። ኪልቱን ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሽንሽኑን ወደ ላይ አድርገው ይዘርጉት፤ እያንዳንዱን እጥፋት ከላይኛው ስፌት እስከ ታችኛው ጠርዝ በጣትዎ እየተከተሉ ቀጥ ያድርጉት። ከዚያም በነጭ ክር፣ ረዘም ረዘም ባለ ስፌት፣ የእያንዳንዱን ሽንሽን ጠርዝ ከጎረቤቱ ጋር እያያያዙ ከዳር እስከ ዳር ይሂዱ፤ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ እያሉ ሦስት ወይም አራት መስመር ቢሰፉ ይበቃል። ቀለም ያለው ክር በውሃ ሊለቅ ስለሚችል፣ ጠብቆ የተሰፋም ምልክት ስለሚተው ሁለቱም አይመከሩም። እዚህ ላይ ዓይንን ማመን ያስፈልጋል፦ በብዙ ኪልቶች የታርታኑ፣ ማለትም የጨርቁ ባለ መስመር የአራት ማዕዘን ንድፍ፣ መስመር ከሽንሽን ወደ ሽንሽን ሲሻገር ጨርቁ ጨርሶ ያልታጠፈ እስኪመስል ድረስ ይገጣጠማል፤ አንዱ ሽንሽን ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢንሸራተት መስመሩ ተሰብሮ ይታያል። ይህ ስፌት አንድ ሰዓት ቢፈጅም የሚቆጭ ሰዓት አይደለም።

ሌላው ስህተት ያለ በቂ ምክንያት ማጠብ ነው። ሱፍ ሽታን በነፋስ፣ አቧራን በብሩሽ ይለቃል፤ ትንሽ እድፍ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። መታጠብ ግድ ከሆነ ሙቅ ውሃ፣ ፍትጊያና የልብስ ማጠቢያ ማሽን መራቅ አለባቸው፤ እያንዳንዱ የሱፍ ፀጉር ላዩ ቅርፊት ስላለው ሙቀትና መታሸት ሲገናኙበት እርስ በርሱ ይቆላለፋል፣ ጨርቁም ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ሱፍ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ውሃ ከሱፍ ሳሙና ጋር በሰፊ ገንዳ ይጠቀሙ፤ ኪልቱን በእጅ ቀስ እያሉ ወደ ታች መጫን እንጂ ማሸት አያስፈልግም። የጎኑ የቆዳ ጠፍሮች በተቻለ መጠን ከውሃው ውጪ ይሁኑ። ከወገቡ ውስጥ የተሰፋው ሸራ ሊሸበሸብ ስለሚችልም፣ ውድ ኪልት ያለው ሰው ሥራውን ለሚያውቅ ላውንደሪ ቢሰጥ እመርጣለሁ።

ታጥቦ ሲወጣ መጭመቅና በገመድ ላይ ማንጠልጠል ሽንሽኑን ከነስፌቱ ያጣምመዋል፤ ውሃ የጠጣ የሱፍ ኪልት ከባድ ነው፣ በራሱ ክብደትም ይለጠጣል። በትልቅ ፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ያስመጥጡት፤ ከዚያ ከፀሐይና ከማሞቂያ ራቅ አድርገው በዝርግ ቦታ ያድርቁት።

በካውያ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት ብረቱን ሱፉ ላይ በቀጥታ አድርጎ ወዲያና ወዲህ መግፋት ነው፤ ጨርቁ ያብለጨልጫል፣ ሽንሽኑም ይንሸራተታል። በመካከል እርጥብ የጥጥ ጨርቅ አድርገው ካውያውን ያሳርፉ፣ ይጫኑ፣ ያንሱ፣ ወደሚቀጥለው ያሳርፉ። እንፋሎት ሱፉን ያላላዋል፤ ቅርጹን የሚይዘው ግን ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ስለሆነ፣ ትኩሱን ኪልት አንስቶ መስቀል ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። ፖሊስተር የተቀላቀለበት ኪልት ከሆነ ሙቀቱን ይቀንሱ።

ነጩ ክር የሚፈታው ኪልቱ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ክሩ የተወውን ጭረት በእርጥብ ጨርቁ ላይ ቀለል አድርጎ በመተኮስ ማጥፋት ይቻላል። ከዚያም ኪልቱን ወገቡን በሚይዝ መቆንጠጫ ባለው መስቀያ ይስቀሉት፤ በቁም ሣጥኑ ውስጥም ሌላ ልብስ እንዳይጫነው ግራና ቀኙን ክፍት ይተዉለት።