የሰፈርን ክፍት መሬት በተመለከተ የነዋሪን ፍላጎት አሰባስቦ ለከተማው የማቅረብ መመሪያ፦ ለጅማ ሰፈሮች

በጅማ ሰፈሮች በቆርቆሮ ታጥሮ ወይም ሣር ውጦት የቆየ ቦታ ባለበት ሁሉ ነዋሪው የየራሱ ምኞት አለው፤ አንዱ ዳቦ ቤት፣ ሌላው ፋርማሲ፣ በጠባብ ግቢ ውስጥ በርጩማና ወንበር የሚሠራው ወጣት ደግሞ የመሥሪያ ሼድ ይመኛል። ምኞቱ በእድር ድንኳን ሥር ተወርቶ የሚቀር ከሆነ ግን መሬቱን የሚያስተዳድረው አካል ምንም ሊሠራበት አይችልም።

ከሁሉ በፊት ቦታው በማን እጅ እንዳለ ይጣራ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ጌታ የሌለው መሬት የለም፤ ክፍት መስሎ የሚታየው ቦታ በሊዝ ተወስዶ ያልተገነባበት፣ በከተማው ፕላን ለአረንጓዴ ወይም ለመንገድ የተከለለ፣ አለዚያም ለጨረታ የቆየ ሊሆን ይችላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ባለሊዙ በውሉ በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ እንዲጀምር ግዴታ የጣለበት ስለሆነ፣ ለዓመታት ታጥሮ የተቀመጠ ቦታ ሲያጋጥም የነዋሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ይከፈት?» ሳይሆን «ውሉ ምን ደረጃ ላይ ነው?» መሆን ይገባዋል። ለአረንጓዴ በተከለለ ቦታ ላይ ሱቅ መጠየቅ ድካም ብቻ ነው። በአዌቱ ወንዝ ዳርና በሌሎች ረግረጋማ ቦታዎችም ክረምት ሲገባ ውሃው የት ድረስ እንደሚተኛ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቆ መመዝገብ ይበጃል።

ቀጥሎ ቦታውን በጠዋትም በማታም ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፤ ክፍት የተባለ ቦታ ብዙ ጊዜ ክፍት አይደለም። በጠርዙ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚደረድሩ የጉሊት ሴቶች ካሉ፣ በዚያ ቦታ ላይ ሥራ የጀመሩት እነርሱ ናቸውና ጥያቄው የእነርሱን መቆሚያ ሳይጨምር ቢጻፍ ሰፈሩ ከሚያገኘው የሚያጣው ሊበልጥ ይችላል።

ከባዱ ሥራ ሰውን መጠየቁ ነው። «እዚህ ምን ቢከፈት ደስ ይልዎታል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በአብዛኛው ካፌ ይላል፤ መመኘት ገንዘብ አያስወጣም። ስለዚህ የሚጠየቀው ምኞት ሳይሆን ያለፈው ሳምንት ይሁን፦ «እማማ፣ ባለፈው ሳምንት ከሰፈር ወጥተው የሄዱት ለምን ጉዳይ ነበር? ለባጃጅስ ስንት ከፈሉ?» እንዲህ ሲጠየቁ ጤፍና በቆሎ ለማስፈጨት እህሉን በባጃጅ ጭነው ወደ ሌላ ሰፈር የሚመላለሱ መሆናቸውን ቢናገሩ፣ ማንም ያላሰበው ወፍጮ ቤት ከነማስረጃው ወደ ዝርዝሩ ይገባል። ወፍጮ ቤት ግን ለትልልቅ ሞተሮች የሚሆን ስሪ ፌዝ መብራት ይፈልጋል፤ ድምፅና ብናኝም አለው። ወፍጮን የሚወድ ሁሉ ከሁለት አጥር ማዶ ሲሆን ነው የሚወደው፤ ስለዚህ ቦታውን የሚያዋስኑት ግቢዎች ለብቻቸው ተጠይቀው መልሳቸው፣ ተቃውሞም ቢሆን፣ ሳይሸራረፍ ይጻፍ።

የእድር ስብሰባ ለመጀመር ያመቻል፤ ነገር ግን በዚያ የሚናገሩት በአብዛኛው የቤት አባወራዎች ናቸው። ተከራዮችን፣ በተለይም በጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎችን፣ በየቤታቸው እየሄዱ ማነጋገር፣ ሴቶችንም ቡና በሚጠጣበት ሰዓት መጠየቅ ያስፈልጋል። ጠያቂዎቹ አፋን ኦሮሞም አማርኛም የሚችሉ ቢሆኑ መልካም ነው።

ጥያቄው ሲጻፍ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። የቦታው አዋሳኞች በአራቱም አቅጣጫ ተጠቅሰው በእጅ የተሠራ ንድፍ ይያያዝ፤ ስንት ቤት እንደተጠየቀና ስንቱ ምን እንዳለ በቁጥር ይቀመጥ፤ የሚጠየቀው አገልግሎት ከሁለት ወይም ከሦስት ባይበልጥ ይሻላል፤ ሁሉን የሚጠይቅ ደብዳቤ የሰፈሩ ዋና ችግር የቱ እንደሆነ ሳይናገር ይቀራል። በሊዝ አዋጁ መሬት የሚተላለፈው በጨረታ ወይም ያለ ጨረታ በሚሰጥ ምደባ ስለሆነ፣ ነዋሪው የአገልግሎቱን ዓይነት ሊጠቁም ይችላል እንጂ ቦታውን የሚወስደውን ሰው መምረጥ አይችልም። ደብዳቤው ውስጥ «ለእገሌ ይሰጥልን» የሚል ቃል ከገባ የሰፈሩ ጥያቄ የግለሰብ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ሼድ የሚፈልጉ ወጣቶችም በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ጥያቄያቸውን በማኅበራቸው ስም በተናጠል ያቅርቡ። ደብዳቤው የሚገባበት የማዘጋጃ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ደብዳቤው በዚያው ቋንቋ ተጽፎ የአማርኛው ቅጂ በሰፈሩ ሰው እጅ ይቆይ።

ደብዳቤው በቀበሌው በኩል ካለፈ በኋላ ለማዘጋጃ ቤቱ ሲገባ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን ጽፎ ማኅተም እንዲያሳርፍበት ጠይቁ፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ወር የሚመጣው ሠራተኛ «አልደረሰንም» ቢል መልስ አይኖራችሁም። ለክትትል ሁለት ሰው ይመደብ፤ አንደኛው ቢቻል ከጉሊት ሴቶቹ ወገን ይሁን። ምላሹ እስኪመጣ ሣሩን ማጨድ፣ ቆሻሻውን ማንሳትና የጎርፍ መውረጃውን መክፈት ይቻላል። ኮንቴይነር ማስቀመጥ ወይም የላስቲክ ዳስ መጣል ግን ሕገ ወጥ ግንባታ ተብሎ ሊፈርስ የሚችል ስለሆነ፣ «ለጊዜው ነው» የሚል ሰው ቢነሳ እንኳ ደብዳቤውን የፈረሙት ነዋሪዎች ራሳቸው ይከልክሉት።