ከልጅ ልጆች ጋር አንድ ሳምንት በላንጋኖ ዳርቻ፦ ለሰሜን ሸዋ አያቶች

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር ወይም ከመንዝ ወርደው ከትንንሽ የልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ ሳምንት በሐይቅ ዳር ለማሳለፍ ለሚያስቡ አያቶች ላንጋኖ ተስማሚ ነው። ዳርቻው አሸዋማ ነው፤ ውሃው ለቢልሃርዝያ የማያሰጋ በመሆኑ ይታወቃል፤ ከአዲስ አበባም የሚርቀው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሳምንቱ የሰመረ እንዲሆን ግን ልጆቹን ውሃ ዳር ማን፣ መቼ እና እንዴት እንደሚጠብቅ ገና ከቤት ሳይወጡ መወሰን ያስፈልጋል።

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ወራት ቢሆኑም ዝናቡም አለ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮም ፍልሰታ ይገባል። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ያለው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ይሻላል። የነነዌ ጾም በዚሁ ሰሞን ሊውል ስለሚችል የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት አስቀድመው ይመልከቱ። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ብዙ ነውና ሰኞ ገብቶ ዓርብ ወይም ቅዳሜ ጧት መውጣት ጸጥታ ለሚወድ አያት የተመቸ ነው። ክፍል ሲይዙ ደረጃ የሌለውን፣ መቀርቀሪያው ከፍ ያለውን ይጠይቁ፤ ማልዶ የሚነሳ የአራት ዓመት ልጅ በሩን ራሱ ከፍቶ ወደ ሐይቁ መውረድ መቻል የለበትም።

ሁለት አያቶች ዕድሜያቸው ከሰባት ዓመት በታች የሆኑ ከሁለት በላይ ልጆችን ብቻቸውን ይዘው ባይሄዱ እመርጣለሁ። ፍቅርና ትዕግሥት ሞልቶ ሳለ ጉልበት የማይታዘዝበት ዕድሜ አለ፤ በአሸዋ ላይ መሮጥ ደግሞ ለወጣትም ይከብዳል። ልጆቹ ከበዙ ሮጣ የምትደርስ አንዲት አክስት ወይም አንድ ጎረምሳ አጎት ይጨመር።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ለደጋ ሰው ሙቀቱ ቀላል አይደለም። ለደም ግፊት ከሚሰጡ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት ስለሚያበዙ በሙቀት ጊዜ የሰውነትን ፈሳሽ ያጎድላሉ። በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቋረጥ ግን የባሰ ጉዳት ያመጣልና ከጉዞው በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

መንገዱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አይቸኩሉ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድሮ በማግስቱ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በመቂ በኩል መውረድ ለልጆቹም ለወገብም ይበጃል፤ የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ በዋዜማው ከሾፌሮች መጠየቅም አይዘንጋ። ለስንቅ በሶና ዳቦ ይበቃል። ቆሎ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ በተለይ በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ አይሰጥም፤ ትን ሊለው ይችላል። ባቱ (ዝዋይ ከተማ) ላይ ምሳ ሲበሉ ለልጆቹ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ ይዘዙላቸው፣ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍም ያሳዩአቸው፤ ነገር ግን በዝዋይ ሐይቅ ቢልሃርዝያ ስላለ እግራቸውን እንኳ እንዳይነክሩ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ቀለሙ በውስጡ ከሚንሳፈፈው ደቃቅ አፈር የመጣ ስለሆነ ቆሻሻ አይደለም፤ ሆኖም ጉልበት በማይሞላ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ልጅ እንኳ ከላይ አይታይም። በዚህ ላይ የሚሰምጥ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ በጸጥታ ይወርዳል። ስለዚህ ልጆቹን ብርቱካናማ፣ ቀይ ወይም ደማቅ ቢጫ ልብስ ያልብሷቸው፤ ሰማያዊና ቡናማ ይቅር። በልካቸው የሆነ ላይፍ ጃኬት ይግዙላቸው። በአየር የሚነፋ ጎማና አሻንጉሊት መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ልጁን ይዞት ወደ ጥልቁ ሊሄድ ይችላል፤ የሐይቁ ጥልቀት ደግሞ በመካከሉ ከ40 ሜትር ያልፋል።

የጥበቃው ሥርዓት ቀላል ቢሆንም ጥብቅ መሆን አለበት። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ልጅ ማንም የማይጠብቀው ልጅ ነውና በአንድ ጊዜ አንድ ሰው በስም ተለይቶ ኃላፊነቱን ይውሰድ፤ ለምሳሌ አያትየው ነጭ ኮፍያ ያደረጉ እንደሆነ ጠባቂው እሳቸው ናቸው፣ ተራው ሲያልቅ ኮፍያው ለሴት አያት ይሰጣል። ኮፍያውን ያደረገ ሰው ስልክ አይመልስም፣ ቡና አያፈላም፣ ከጎረቤት ጋር ወግ አይጀምርም። ከትንሹ ልጅ የሚርቀው ክንዱ እስከሚደርስበት ብቻ ነው፤ ወንበሩም ከዛፉ ሥር ወጥቶ ከውሃው ጠርዝ ይቀመጣል።

አብዛኞቻችን የደጋ ሰዎች ዋና አናውቅም። ዋና የማይችል ሰው ለማዳን ዘሎ ቢገባ የሚጠፋው ነፍስ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ረዘም ባለ ገመድ አስረው ከወንበርዎ ሥር ያኑሩ፤ ተንሳፋፊ ስለሆነ ወርውረው መሳብ ይችላሉ። የወጣ ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ ውሃው እንዲወጣ ብሎ ዘቅዝቆ መያዝ ጊዜ ማባከን ነው፤ ወዲያውኑ አፍ ለአፍ መተንፈስና ደረቱን መጫን ይጀመር፣ ሌላ ሰው ደግሞ እርዳታ ይጥራ። ይህን ከመሄድዎ በፊት አንድ የጤና ባለሙያ በተግባር ቢያሳይዎ ከማንኛውም ጓዝ ይበልጣል።

የውሃ ሰዓት ከጧቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያም ንፋሱ ካልበረታ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። በመካከሉ ፀሐይዋ ስለምትበረታ ጥላ ሥር ይዋላል። ከውሃ ሲወጡ የሚጠቀለሉበት ጋቢ ከፎጣ የተሻለ ያሞቃል፤ ከረጠበ ግን ቶሎ ስለማይደርቅ ሁለት ይያዙ። በጥላው ሰዓት አሸዋው ላይ ጉድጓዶች ምሰው በጠጠር ገበጣ ያስተምሯቸው፤ የስድስት ዓመት ልጅ መቁጠርን ከደብተር ይልቅ እዚያ ላይ ይለማመዳል። ተቅማጥ ከያዘው ልጅ ለሚወጣው ፈሳሽ ምትክ እንዲሆን ለምለም (ኦአርኤስ) ይያዙ፤ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፣ ከአንድ ቀን በላይ የቆየው ይደፋል።

ሽርሽር አንድ ብቻ ይበቃል። በአቅራቢያው ያለው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ስላለው ልጆችን ያስደስታል፤ በሻላ ዳርቻ ያለው ፍል ውሃ ግን ቆዳ የሚገሸልጥ ስለሆነ ሕፃናት በእጅ ተይዘው ከሩቅ ይዩት።

ሲመሽ ረጅም እጅጌ ያልብሷቸው፤ አካባቢው ሞቃት ስለሆነ ወባ አለ። ክፍሉ አጎበር ከሌለው የራስዎን ይዘው ይሂዱ፤ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር አስገብተው ተረት ተረት፣ የላም በረት ማለት የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። የወባ ትኩሳት ከንክሻው በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከወር በላይ ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጉንፋን ነውና ለወላጆቹም ለጤና ባለሙያውም ልጁ ላንጋኖ አድሮ መምጣቱን ይንገሩ፤ የደም ምርመራውም በዚያው ቀን ይደረግ።